የቼዝ ማኅበርተኞች ፍልሰት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1992 ማይክል ሙርና ሪቻርድ ናሽ የተባሉ ሁለት የኮምፒዩተር ሰዎች፣ በየአገሩ ተበታትነው የሚኖሩ ቼዝ ወዳዶች ከየተቀመጡበት ሳይነሡ በአንድ ገበታ ፊት ለፊት እንደ ተቀመጡ ሆነው የሚጫወቱበትን አንድ ሰርቨር አሰናድተው በሩን ከፈቱ፤ ስሙንም ያለ ምንም ጌጥ «የኢንተርኔት ቼዝ ሰርቨር» አሉት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።) ዛሬ በቀለም ያሸበረቀውን ሰሌዳ በጣቱ እየነካ ፈረሱንና ንግሥቲቱን ማንቀሳቀስ የለመደ ወጣት ያን ጊዜ የነበረውን ገበታ ቢያሳዩት ገበታ ነው ብሎ አይቀበልም፤ በጥቁር መስኮት ላይ በሰረዝና በቋሚ መሥመር የተከፋፈለ አንድ አራት ማዕዘን ብቻ ነበርና፣ ንጉሡም ተራው ወታደርም በላቲን ፊደል ተወክለው ይቆሙበት ነበር፣ ተጫዋቹም እርምጃውን በጽሕፈት ያዝዝ ነበር። ፕሮግራሙም ገና ጨቅላ ስለ ነበረ የጨዋታውን ሕግ በሚገባ አያውቅም፤ የተከለከለውን እርምጃ ተቀብሎ ያሳልፋል፣ አንዳንድ ጊዜም ንጉሡ መሸሻ ስፍራ እያለው «ሞቷል» ብሎ ይፈርድበታል።

ወደዚህ ቤት በመጀመሪያ የገቡት እነማን ነበሩ ቢባል፣ ኢንተርኔት በዚያ ዘመን ወደ ተራው ሰው ቤት ገና አልደረሰም ነበርና፣ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን፣ የቀሩትም በምርምር ተቋማት የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። መነኮሳት በምንኩስናቸው ዕለት የዓለም ስማቸውን ትተው አዲስ ስም እንደሚቀበሉ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ገቢ በደጁ ላይ ለራሱ ስም እያወጣ ይገባ ነበርና፣ ፕሮፌሰሩና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው የሚለዩት በማዕርጋቸው ሳይሆን በጨዋታቸው ኃይል ብቻ ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቆይም ማንም ያልደነገገው፣ ነገር ግን ሁሉም የሚያከብረው ሥርዓት በመካከላቸው ተተከለ። የንግግር ደረጃ ነበራቸው፤ በቤቱ ላሉት ሁሉ የሚሰማ ጩኸት ነበረ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚላክ ቃል ነበረ፣ አንዱን ጨዋታ ከብበው ለሚያዩትና ለተጫዋቾቹም ጭምር የሚነገር አስተያየት ነበረ፣ ተጫዋቾቹ ሳይሰሙት ተመልካቾች እርስ በርሳቸው የሚያንሾካሹኩትም ነበረ። ይህን በማነብበት ጊዜ ትዝ የሚለኝ የአገራችን የጥንቱ ሰንጠረዥ ነው፤ መኳንንቱ ሲጫወቱ በዙሪያቸው የቆመው ሰው ዝም ብሎ መመልከት እንደ ማያውቅና ለፈቀደው ወገን ምክሩን በጩኸት ይሰጥ እንደ ነበረ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የመጡ መንገደኞች ጽፈዋልና። የኢንተርኔቱ ማኅበርተኞች ከእኛ አበው በአንድ ነገር ተሽለው ተገኙ ማለት ይቻላል፤ ምክሩ ከተጫዋቹ ጆሮ የሚከለልበትን ዘዴ አግኝተዋልና።

በዚያው በ1992 ዓመት፣ ፒትስበርግ ከተማ በሚገኘው በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚያስተምር ዳንኤል ስሌተር የተባለ ሊቅ፣ የሙርንና የናሽን ሥራ በበጎ ፈቃዱ ተረክቦ ፕሮግራሙን ከመሠረቱ ማደስ ጀመረ። ይህ ሰው ከሮበርት ታርጃን ጋር ሆኖ በ1985 ባሳተመው የመረጃ አደራደር ዘዴ በሙያው ዓለም ስሙ የታወቀ ነበር፤ በቼዙ ቤት ግን «ዳሩሃ» በሚል ስም ነበር የሚጠራው። እርሱ ሲገባ ያገኘው ትልቁ እሮሮ የሰዓት ነገር ነበር። በቼዝ ሕግ እያንዳንዱ ተጫዋች የተወሰነ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ጊዜው ካለቀበት ሰሌዳው ላይ ብልጫ ቢኖረውም ተሸናፊ ነው። ነገር ግን ከሩቅ አገር የሚጫወት ሰው እርምጃው እስኪደርስ ድረስ በመንገድ ላይ የሚባክነው ሴኮንድ ሁሉ በእርሱ ላይ ይቆጠር ነበርና፣ መንገዱ የተጨናነቀበት ተጫዋች ሳያስብ አስበሃል ተብሎ ይቀጣ ነበር። ስሌተር ለዚህ ያበጀው መፍትሔ፣ ሰዓቱን የሚቈጥር አንድ ትንሽ ፕሮግራም በተጫዋቹ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ አኑሮ፣ ሰውየው ያሰበበትን ጊዜ ብቻ መዝግቦ ከእርምጃው ጋር እንዲልክ ማድረግ ነበር። በዚህም ላይ፣ የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር በ1992 ከቦሪስ ስፓስኪ ጋር ባደረገው ግጥሚያ የተጠቀመበት፣ በየእርምጃው ጥቂት ሴኮንድ የሚጨምር የሰዓት ሥርዓት በዚህ ቤት እንደ ዕለት እንጀራ የተለመደ ሆነ፤ ሁለት ደቂቃ ለመነሻ፣ ዐሥራ ሁለት ሴኮንድ ለየእርምጃው የሚለው ልክ የማኅበርተኛው ሁሉ የእጅ ልማድ ነበር።

ሦስት ዓመት በዚህ ዓይነት አለፈ፤ ሰውም በዛ፣ ገዢ ሊያገኝ የሚችል ቤት መሆኑም ታወቀ። በ1994 ስሌተር ለፕሮግራሙ የቅጂ መብት አስመዘገበ። በማርች 1 ቀን 1995 ደግሞ፣ ቤቱ ከእንግዲህ ወዲያ «የኢንተርኔት ቼዝ ክለብ» ተብሎ እንደሚጠራና አባል ለመሆን የሚሻ ሁሉ በየዓመቱ 49 ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ።

የሆነውን ነገር የእኛ አንባቢ በራሱ ምሳሌ ቢያስበው በቀላሉ ይገባዋል። በየወሩ ተራ ገብተው ጽዋ የሚጠጡ ማኅበርተኞች ለዓመታት እህሉን አዋጥተው፣ ጠላውን ጠምቀው፣ የተጣላውን አስታርቀው ከቆዩ በኋላ፣ አንድ ቀን የማኅበሩ ሙሴ ተነሥቶ «ጽዋው ያለበት ቤት የእኔ ነውና ከዛሬ ጀምሮ በገንዘብ ትጠጣላችሁ» ቢላቸው ምን ይሉ ነበር? በዚያም የተባለው ይኸው ነው። በጥቁሩ መስኮት ፈንታ ሥዕል ያለበትን ሰሌዳ በየኮምፒዩተሩ ያበጁት፣ ለአዲስ ገቢ መንገድ ያሳዩት፣ ተሳዳቢውን የገሠጹት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ደመወዝ አልተቈረጠላቸውም፣ አልጠየቁምም። በሌላ ወገን ደግሞ ስሌተር ፕሮግራሙን በአብዛኛው በገዛ እጁ እንደ ገና የጻፈው እርሱ መሆኑን፣ ሰው በበዛ ቁጥር ኃይለኛ ማሽንና ቋሚ ሠራተኛ ማስፈለጉን ይናገር ነበር፤ ይህም ሐሰት አልነበረም። እኔ ግን ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው፣ የሰውየው ጥፋት ገንዘብ መጠየቁ አይመስለኝም። የድካሙ ዋጋ ይገባው ነበር። ጥፋቱ፣ ማኅበርተኞቹ ቤቱን የጋራችን ነው ብለው በሚያምኑበት በዚያ ሦስት ዓመት ውስጥ፣ የማን መሆኑን አስቀድሞ በግልጽ አለመናገሩ ነው። ሰው በሰው ቤት እንግዳ መሆኑን ካወቀ ስጦታውን ለክቶ ይሰጣል፤ የገዛ ቤቴ ነው ያለ ግን ሳይለካ ይሰጣልና፣ በኋላ ሲነገረው ቁጣው ያልተለካ ይሆናል።

ቁጣውም ብዙ አልቆየም፣ ወደ ሥራ ተለወጠ። አዋጁ በተነገረ በሦስተኛው ቀን፣ በማርች 3 ቀን 1995፣ ያልተስማሙት ወገኖች «ነፃው የኢንተርኔት ቼዝ ሰርቨር» የሚባል ሌላ ቤት ከፈቱ። እንዲህ ሆኖ አንዱ ጉባኤ ሁለት ሆነ፤ የልማዱ ሥር አንድ ስለ ነበረም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው የትእዛዙን ቃል ሁሉ እዚያው ያገኘዋል፣ ጩኸቱንም ሹክሹክታውንም። የተለወጠው የሰዉ ዓይነት ነበር። የክፍያው ቤት ታላላቅ ተጫዋቾችን ያለ ክፍያ እያስገባ በስማቸው ላይ የማዕርግ ምልክት ይሰጣቸው ስለ ነበር የሊቃውንት መዋያ ሆነ፤ ዛሬ ስሙ በዓለም የናኘው ሂካሩ ናካሙራ በብላቴንነቱ «ስሞልቪል» በሚል ስም ሌሊትና ቀን ይጫወት የነበረው በዚያ ነው። ነፃው ቤት የተማሪው፣ የፕሮግራም ሠሪውና ለ49 ዶላር አቅም የሌለው የሩቅ አገር ሰው መጠጊያ ሆነ።

በነፃው ቤት ውስጥ ከተደረገው ሁሉ ለዚህ ትረካ የሚበልጥብኝ አንድ የሒሳብ ነገር ነው። የቼዝ ተጫዋች ኃይል በቁጥር የሚለካበትን ጥንታዊ ዘዴ ያወጣው አርፓድ ኤሎ የተባለ በሃንጋሪ የተወለደ የፊዚክስ መምህር ሲሆን፣ የዓለም የቼዝ ማኅበር በ1970 ተቀብሎታል። የኤሎ ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ 1850 የሆነ ሰው ትናንት ሲጫወት ቢያመሽም፣ ለአራት ዓመት ጠፍቶ ዛሬ ቢመጣም ያው 1850 ነው። በ1995 ማርክ ግሊክማን የተባለ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ይህን ጉድለት ተመልክቶ ከቁጥሩ አጠገብ ሁለተኛ ቁጥር አቆመ፤ ይህም ስለ ሰውየው ያለን ዕውቀት ምን ያህል እርግጠኛ እንደ ሆነ የሚናገር ነው። ሰውየው 1850 ሆኖ ሁለተኛው ቁጥሩ 50 ቢሆን፣ እውነተኛ ኃይሉ በ1750ና በ1950 መካከል እንደሚገኝ ከመቶ 95 እጅ ያህል ማመን ይቻላል። ዘወትር ለሚጫወት ሰው ይህ ሁለተኛው ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል። ለሚርቅ ሰው ግን በየጊዜው እየሰፋ፣ በመጨረሻም 350 ላይ፣ ማለትም ፈጽሞ ካልታወቀ አዲስ ገቢ እኩል እስኪሆን ድረስ ይደርሳል፤ ሲመለስም የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎቹ ቁጥሩን በብርቱ ወዲህና ወዲያ ይጥሉታል።

ግሊኮ የተባለውን ይህን ዘዴ ነፃው ቤት ተቀብሎ ሥራ ላይ አዋለው። መቼም ሒሳብ ስለ ሰው ልብ አያውቅም ይባላል፤ ነገር ግን የአንድ ማኅበር ሰው ከማኅበሩ ሲለይ ምን እንደሚሆን ከዚህ ይልቅ አጥርቶ የገለጠ ጽሑፍ እኔ አላየሁም። የሄደው ሰው አልተሻረም፣ ስሙ በመዝገብ አለ፣ ክብሩም አልተቀነሰም፤ ብቻ የቀሩት ሰዎች ስለ እርሱ የሚያውቁት ነገር በየቀኑ እየሳሳ ይሄዳል። ከረጅም ስደት የተመለሰ ሰው በገዛ መንደሩ ውስጥ የሚያየውን ዓይነት ፊት፣ በነፃው ቤት አንድ ቁጥር ያሳየው ነበር።

በ1999 ደግሞ ዕድሜው አራት ወር ብቻ የሆነ ማኅበር ተነሥቶ ጠፋ። ማይክሮሶፍት ባዘጋጀው ግጥሚያ፣ የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ ነጩን ይዞ፣ ከ75 በሚበልጡ አገሮች የሚገኙ ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎች ደግሞ በድምፅ ብልጫ እየወሰኑ ጥቁሩን ይዘው፣ ከጁን 21 እስከ ኦክቶበር 22 ድረስ አንዲት ጨዋታ ብቻ ተጫወቱ። ለሕዝቡ ምክር እንዲሰጡ ከተመረጡት አራት ወጣቶች አንዷ፣ ገና 15 ዓመት የሆናት አይሪና ክረሽ፣ ያቀረበችውን አዲስ ዐሥረኛ እርምጃ ሕዝቡ ተቀበለው፤ ከዚያም ወዲህ በዙሪያዋ የተሰበሰቡ ከየአገሩ የመጡ ትጉሃን ሌሊቱን በሙሉ ይመረምሩ፣ የመረመሩትንም ለሁሉ ያሳውቁ ጀመር። በ58ኛው እርምጃ ላይ ምክሯ በሰዓቱ ሳይወጣ ቀርቶ ታላቅ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ በ62ኛው ካስፓሮቭ አሸነፈ። በማግስቱም ያ ሁሉ ሰው ተበተነ። እንደዚያ ያለ ብርቱ ፍቅርና እንደዚያ ያለ ፈጣን መለያየት የታየበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል፤ አንድ ሥራ ነበራቸው፣ ሥራው አለቀ፤ የሚያቆያቸው ልማድ ግን ገና አልበቀለም ነበር።

ወደ ሁለቱ ቤቶች እንመለስ። በ2001 እንግሊዛዊው የቼዝ ሊቅ ናይጀል ሾርት፣ በክፍያው ቤት ስሙን የሸሸገ አንድ ሰው በፈጣን ጨዋታ ደጋግሞ እንደ መታውና ይህም ሰው ከዓለም የተሰወረው ቦቢ ፊሸር መሆኑን እንደሚያምን ለጋዜጣ ተናገረ። ፊሸር ካደ። ይህ ወሬ ለብዙ ዓመታት የማኅበርተኛው ሁሉ መጫወቻ የሆነው፣ እውነት ስለ ሆነ ወይም ስላልሆነ ሳይሆን፣ በሐሰተኛ ስም ወደዚያ የገባ እንግዳ ማንም ሊሆን እንደሚችል ስለሚያስታውስ ነው፤ ንጉሥም ቢሆን፣ ማሽንም ቢሆን። የማሽኑ ነገር ቀልድ አልነበረም። በ1997 «ዲፕ ብሉ» የተባለው ኮምፒዩተር ካስፓሮቭን በኒው ዮርክ ካሸነፈ ወዲህ ብዙ ዓመት ሳይቆይ፣ ከሊቃውንት የሚበልጥ ፕሮግራም በእያንዳንዱ ቤት ተገኘ፤ ድሮ በግልጽ ምልክት ለብሶ ይገባ የነበረው ማሽን አሁን በሰው ስም ተሸፍኖ ይገባ ጀመር። ከዚያ በፊት የተሸነፈ ሰው አሸናፊውን «ደኅና ተጫወትህ» ይለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ አስቀድሞ የሚያስበው ሌላ ነገር ሆነ።

በዚህ መካከል የመጀመሪያው ትውልድ ሳይታወቅ ሄደ። በ1992 ተማሪ የነበረው ተመርቆ፣ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ሌሊቱ የእርሱ መሆኑ ቀረ። የቀሩት ጥቂቶች ዝግ ያለውን ጨዋታ የሚወዱት ነበሩ፤ በነፃው ቤት ለእያንዳንዱ ተጫዋች 45 ደቂቃ፣ በየእርምጃውም 45 ሴኮንድ የሚሰጥ የቡድን ውድድር አቋቁመው፣ የአውሮፓው ሰው በሌሊት፣ የአሜሪካው በቀትር ቀጠሮ እየተቀጣጠሩ ይጫወቱ ነበር። ቀጠሮ ያለበት ማኅበር ቀጠሮ ከሌለበት ይልቅ ዕድሜ እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ2007 ኤሪክ አለቤስትና ጄይ ሰቨርሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ ከሁለት ዓመት በፊት የገዙትን «ቼስ ዶት ኮም» የሚለውን ስም ይዘው ታላቅ ቤት ከፈቱ፤ ትእዛዝ መጻፍ የማያውቅ፣ ፕሮግራም መጫን የማይሻ ሰው በቀላሉ የሚገባበት፣ ትምህርቱም ወሬውም በአንድ ስፍራ የሚገኝበት ቤት ነበር። በ2010 ደግሞ ቲቦ ዱፕለሲ የተባለ ፈረንሳዊ የፕሮግራም ሰው «ሊቼስ» የተባለውን ለብቻው ጀመረ፤ ማስታወቂያ የለበትም፣ ክፍያ የለበትም፣ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለማንም የተገለጠ ነው፤ በኋላም በፈረንሳይ ሕግ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ሆኖ በሰጪዎች ምጽዋት ይተዳደራል። እነሆ የ1995ቱ ክርክር በሁለት አዳዲስ ቤቶች እንደ ገና ቆመ፣ አንዱ በክፍያ፣ አንዱ በነፃ፤ በዚህ ጊዜ ግን ጠብ አልተነሣም፤ እያንዳንዱ ቤት የማን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ቀን የታወቀ ነበርና። የአሮጌዎቹ ቤቶች ሰዎችም ቀስ በቀስ ወደነዚህ ፈለሱ፤ ሲሄዱም የያዙትን ይዘው ነው። ቼስ ዶት ኮም የተጫዋቹን ኃይል የሚለካው በግሊኮ ነው፤ ሊቼስ የሚለካው ግሊክማን በኋላ ባሻሻለው በሁለተኛው ግሊኮ ነው፤ በሊቼስም 45 ደቂቃና 45 ሴኮንድ የሚጫወት፣ ቁጥሩን ራሱን ስሙ ያደረገ የቡድን ውድድር አለ።

ከዚያ 2020 መጣ። ወረርሽኙ ሰውን ሁሉ በየቤቱ ዘጋው፤ የአደባባዩ ውድድር ቆሞ የዚያን ጊዜው የዓለም ሻምፒዮን ማግነስ ካርልሰንና ጓደኞቹ በኢንተርኔት ይጋጠሙ ጀመር፤ በኦክቶበር ወር ደግሞ ስለ አንዲት ወላጅ አልባ የቼዝ ተጫዋች የሚተርክ ተከታታይ ፊልም በየአገሩ ታየ። በዲሴምበር 2022 የቼስ ዶት ኮም አባላት ቁጥር 100 ሚሊዮን ደረሰ፤ በተከታዩ ወር የመጣው ሕዝብ ብዛት ማሽኖቹ መሸከም እስኪያቅታቸው ድረስ ነበር። ነባሮቹ እንደ ልማዳቸው አጉረመረሙ፤ አዲሱ ገቢ አይሰላምም፣ መሸነፉን ሲያውቅ ሰዓቱን አስቈጥሮ ይጠፋል፣ የሕጉን ሀ ሁ አያውቅም አሉ። የመጨረሻው ክስ እውነትነት ነበረው። ሁለት ቤት የዘለለን ወታደር በጎኑ ያለው ወታደር እንደሚበላው የሚደነግገውን የታወቀ ሕግ ባለማወቃቸው፣ ወታደራቸው ድንገት ሲሰወርባቸው ፕሮግራሙ የተበላሸ መስሏቸው አቤት የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በ1992 ፕሮግራሙ ሕጉን ሲስት ሰዎቹ ያርሙት ነበር፤ አሁን ፕሮግራሙ ሕጉን ሲያስከብር ሰዎቹ ስሕተት ነው ይሉታል። ነገር ግን ነባሮቹ ይህን ሲሉ አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ እነርሱም ሲገቡ ከበር ላይ ተቀብሎ ሕጉን የነገራቸው ሰው ነበር፣ ከመቶ ሚሊዮን ሰው በር ላይ ግን ማን ይቆማል?

ቤቶቹም እንደ ሰዎቹ ያልፋሉ። በ2014 ተከፍቶ በውድድር ሥርጭቱ የተወደደው «ቼስ 24» ወደ ቼስ ዶት ኮም ባለቤቶች እጅ ከገባ በኋላ በ2024 መጀመሪያ ተዘጋ፤ አባላቱም ወደ ትልቁ ቤት ገቡ። በ1995 በሦስት ቀን ውስጥ የተቋቋመው ነፃው ሰርቨር ግን፣ ሰዉ እጅግ ቢሳሳም፣ ይህን እስከ ጻፍሁበት ጊዜ ድረስ አልተዘጋም፤ በቁጥር 5000 በር በኩል ጥቁሩ መስኮት ዛሬም ይከፈታል፣ በስም ፈንታ «እንግዳ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለሚጽፍም ሰው አራት ፊደላት የተቀጠሉበት ስም ተሰጥቶት ይገባል።